በድርቅና በድርቅ መካከል

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ደጋ የበልግ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ፣ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ክፉ ዘመን በዓይናቸው ያዩ ገበሬ ናቸው። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን ሥራዋ የዝናብና የሙቀት መዝገብ መመርመር ነው።

አጎት፦ ከከተማ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ድርቅ ሲያወራ ትናንት የተፈጠረ ነገር ያስመስለዋል። እኛ ዘንድ ድርቅ እንግዳ አይደለም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በየአሥር ዓመቱ ይመጣል ይል ነበር። በ1958 መጣ። በ1966 መጣ። በ1977 መጣ። ይህን ያወቀ ሰው አሥረኛው ዓመት ሲቃረብ ጎተራውን ይሞላል፣ ከብቱን ይቀንሳል፣ የቀረውን ለአላህ ይሰጣል።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ አባባሉ ከንቱ ነበር አልልም፤ ሰው እንዲጠነቀቅ አድርጓል። ግን ከ1977 በኋላ ያለውንም እንቁጠር። በ1992 በሶማሌ ክልል ጎዴ አካባቢ ብዙ ሕፃናት ያለቁበት ድርቅ ነበር። በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በ2000 በልጉ ሲቀር ወላይታና ከምባታ ተራቡ፤ ማሳው አረንጓዴ ነበር፣ የሚበላ ግን አልነበረም። በ2003 ደቡቡና ምሥራቁ። በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው። በዓመቱ ደግሞ እንደገና ደቡብ ምሥራቁ። ከ2013 እስከ 2015 ቦረናና ሶማሌ። አሥሩ ዓመት የት ገባ?

አጎት፦ ቆይ ቆይ። ጎዴ ሌላ አገር ነው፣ ቦረና ሌላ፣ ወላይታም ሌላ። የየቤቱን ሐዘን ሰብስበሽ እኔ ደጅ አታስለቅሺው። ለጋምቦ ላይ ስንት ጊዜ መጣ ብለሽ ነው መቁጠር ያለብሽ።

የእህት ልጅ፦ እውነትዎን ነው፤ ብዙ ባለሥልጣንም ብዙ ጋዜጠኛም የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «የኢትዮጵያ ድርቅ» የሚባል አንድ ነገር የለም። እናንተ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ሲጥልላችሁ ቦረናና የሶማሌ ቆላ ደረቅ ናቸው። እነሱ የሚጠብቁት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለውን ነው፤ ሶማሌዎች ጉ እና ደይር ይሏቸዋል። የሚያመጣቸው ነፋስም የተለያየ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኞ ሲነሳ፣ ማለትም ባሕሩ ከወትሮው ሲሞቅ፣ የሰሜኑ ክረምት ይዳከማል፣ የእነሱ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ግን ይበረታል። ላኒና ሲሆን፣ ማለትም ባሕሩ ሲቀዘቅዝ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእናንተ ክረምቱ ያምራል፣ እነሱ ጋ ደይር ይቀራል። በ2007 ክረምት አፋርንና የወሎን ቆላ ያቃጠለው ኤልኒኞ ነው። ከ2013 ጀምሮ ቦረናን ያቃጠለው ደግሞ ላኒና ነው፤ ያውም ሦስት ዓመት ተከታትሎ።

አጎት፦ ፓስፊክ የት፣ ለጋምቦ የት! በሰው አገር ባሕር ስለሞቀ የእኔ ገብስ የሚጠወልግበት ምክንያት አይገባኝም።

የእህት ልጅ፦ አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይነሳል፤ የተነሳው ሁሉ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ መውረድ አለበት። ደመና የሚሠራው የሚነሳ አየር ነው፤ የሚወርድ አየር ደመና ያፈርሳል። የባሕሩ ሙቀት ቦታውን በቀየረ ቁጥር አየሩ የሚነሳበትና የሚወርድበትም ይቀየራል። ምሥራቅ አፍሪካ በሚወርድበት በኩል ከዋለች ዝናቡ ይቀራል። ይህ ዱሮም ነበረ። አሁን የተጨመረው የምዕራብ ፓስፊክ፣ ማለትም በኢንዶኔዥያ ዙሪያ ያለው ባሕር፣ ከዓመት ዓመት እየሞቀ መሄዱ ነው። እዚያ የሚነሳው በረታ፣ እኛ ላይ የሚወርደውም አብሮ በረታ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ደጋግሞ ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

አጎት፦ ታዲያ ሰባ ሰባትም የዚሁ የኤልኒኞ ሥራ ነበር በይኛ።

የእህት ልጅ፦ አይደለም። የሰባ ሰባቱ ዝናብ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ያ ደግሞ የኤልኒኞ ዓመት አልነበረም፤ ኤልኒኞው ከዚያ በፊት በ1982 እና በ1983 ነው የነበረው። በ1984 የደረቀው ደግሞ ወሎና ትግራይ ብቻ አይደለም፤ ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋው የሳህል ምድር በሙሉ ነው። ያ ምድር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ዝናብ ርቆት ኖሯል። በመጀመሪያ ጥፋቱ የተጣለው በእረኛውና በፍየሉ ላይ ነበር፤ ሣሩን ጨርሰው በረሃውን ጠሩት ተባለ። በኋላ የውቅያኖሶች ሙቀት ሲመረመር ዋናው ምክንያት እዚያ ተገኘ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው አትላንቲክ ከደቡቡ ይልቅ ቀዝቅዞ ስለነበር የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ሸሽቷል። ባሕሩን ካቀዘቀዙት ነገሮች አንዱ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎችና ኃይል ማመንጫዎች ጭስ ነው፤ ድኝ ያለበት ጭስ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ይገፋል። እነሱ አየራቸውን ለማጽዳት ሕግ አውጥተው ጭሱ ከቀነሰ በኋላ ባሕሩ ሞቀ፣ የሳህልም የሰሜን ኢትዮጵያም ክረምት ከሞላ ጎደል ተመለሰ።

አጎት፦ ምን አልሽኝ? እነዚያን ሁሉ ልጆች ኮረም መጠለያ ላይ የቀበርናቸው የሰው አገር ፋብሪካ ጭስ ባሸሸው ዝናብ ነው?

የእህት ልጅ፦ ዝናቡ ለመራቁ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ለሰዎቹ ሞት ግን አይደለም፤ ሁለቱን መለየት አለብን። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ረሀቡ እየመጣ መሆኑን በመጋቢት 1976 ለዓለም ተናግሯል። መንግሥት ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ይዘጋጅ ነበር፤ በትግራይና በወሎ ጦርነት ነበር። ዝናብ መቅረቱ የሰማይ ነገር ነው፤ የተነገረውን አለመስማት የሰው ነው። የ1966ቱንም ያጠኑት ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ወሎ እየተራበች እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ጽፈዋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የገጠሩን ረሀብ ባጠኑበት ሥራቸው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ገበሬውን ለሞት ያጋለጠው ዝናብ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን አንድ ክፉ ዓመት የሚያሳልፍበት ጥሪት እንዳይኖረው ያደረገው የኑሮ ሥርዓት ነው።

አጎት፦ እሱን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፣ አይቼዋለሁ። በ1966 ደሴ ገበያ ላይ እህል አልጠፋም። የጠፋው የገበሬው ገንዘብ ነው። ሁሉም በሬውን በአንድ ቀን ይዞ ገበያ ሲወጣ በሬ ዋጋ ያጣል፤ እህል ደግሞ ያው ነው ወይም ይብሳል። ሰው እህል እያየ ሞተ። ይሁን፤ አሁን ክረምቱ ተመልሷል ካልሽ እኛ ለምን አልተመለስንም?

የእህት ልጅ፦ እሱን እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል። በልጋችሁ እንዴት ነው?

አጎት፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣሽ። እኛ ደጋ ላይ ክረምት ዋና ሰብላችን አይደለም፤ ብርዱና ጭጋጉ፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት፣ በመጨረሻም ውርጩ አለ። ኑሯችን የበልጉ ገብስ ነው። ጥር ላይ ዝናብ ሲነካካን መሬቱን እንገለብጣለን፣ የካቲት ላይ እንዘራለን፣ ሰኔ ላይ እናጭዳለን። ሌላው ሰው ሐምሌና ነሐሴን ተርቦ ሲያሳልፍ እኛ ያን ጊዜ ገብስ ይዘን እንስቃለን። ዱሮ እንደዚያ ነበር። አሁን ጥር ዝም ይላል። የካቲት አንድ ሁለት ቀን ጥሎ ያታልልሻል። ዘሩን ስትጥይ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ብቅ ያለው ይሞታል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ደግሞ ይመጣና ያወርደዋል። ሁለተኛ ዘር ከየት ይመጣል? ተበድረሽ ብትዘሪም የዘገየው ገብስ ሳይደርስ የክረምቱ ዝናብና በረዶ ያገኘዋል። በዚያ ዓመት ገብስ አልበላንም። የእናንተ መዝገብ ላይ ግን የበልግ ዝናብ «መደበኛ» ተብሎ ይጻፋል፤ ድምሩ ሞልቷላ!

የእህት ልጅ፦ ድምሩ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ እኔም ሥራዬ ላይ በየቀኑ የምታገለው ነው። የወሩ ዝናብ በአንድ ሳምንት ቢወርድም ያው ቁጥር ነው፣ ተመጥኖ ቢወርድም ያው ቁጥር ነው። ለገብሱ ግን ያው አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ከአገሪቱ እህል ውስጥ የበልጉ ድርሻ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የአገሩን ምርት ለሚደምር ሰው በልግ ትንሽ ነገር ነው፤ ቢቀርም ክረምቱ ይሸፍነዋል ይላል። ለጋምቦ ላይ ግን በልግ ሁሉ ነገር ነው። ይህ የአማካይ ስሌት ብዙ ቤት አፍርሷል ብዬ አምናለሁ።

አጎት፦ በልግ ለደጋው ብቻም አይደለም። ቆላ ያሉት ዘመዶቻችን፣ ቆቦ ሜዳ፣ ከሚሴ፣ ረጅም ዕድሜ ያለውን ማሽላ የሚዘሩት ሚያዝያ ላይ በበልጉ እርጥበት ነው። ስድስት ወር ሙሉ መሬት ላይ ይቆያል። ሚያዝያ ከደረቀ ያ ማሽላ ቀረ ማለት ነው፤ ክረምቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይመልሰውም። ሐምሌ ላይ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራሉ። ያ ደግሞ መስከረም ላይ ዝናቡ ቶሎ ከቆረጠ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል።

የእህት ልጅ፦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ አለ እኮ። «መልካም» የሚባለውን የምርምር ማዕከል ያወጣው ለዚህ ነው፤ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ይደርሳል።

አጎት፦ አይተውታል፣ ዘርተውታልም። ፍሬው ደህና ነው። አገዳው ግን አጭር ነው። ማሽላ ማለት እህል ብቻ መስሎሻል? አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤት ክዳን ነው። ገበሬው እህሉን አግኝቶ በሬውን ምን ያብላው? እናንተ ዘር ስትመርጡ ፍሬውን ትመዝናላችሁ፣ እኛ ቤቱን በሙሉ ነው የምንመዝነው። ስለዚህ የማይሆን መስሎ እያየው እንኳ ሚያዝያ ላይ በረጅሙ ማሽላ ይወራረዳል።

የእህት ልጅ፦ ይህን ተመራማሪዎቹ ከእናንተ መስማት አለባቸው፤ መስማት የጀመሩም አሉ። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዝናቡ እንደ ድሮው በሚጥልበት ዓመት እንኳ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም?

አጎት፦ ይደርቃል። ሁለት ሳምንት እርጥበት ይይዝ የነበረ ማሳ ሳምንት አይሞላውም። ምንጩም መጋቢት ሳይደርስ ይቀጥናል። እኔ ግን ይህን ሰማይ ላይ አላሳብብም። ተራራውን ራቁቱን ያስቀረነው እኛ ነን። ዛፉን ቆረጥነው፣ ገደሉን አረስነው፣ አባቴ አንድ ላይ ያርሰው የነበረውን መሬት ወንድሞቼና እኔ ተከፋፈልነው፣ ልጆቻችን ደግሞ እንደገና ይከፋፈሉታል። ከአያትሽ ዘመን እኩል ዝናብ ቢጥልስ ለስንት አፍ ይበቃል?

የእህት ልጅ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጠፋው ዝናብ ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ያለ ልክ ሲቀዳ፣ ከተራራው የሚታጠበው ደለልም ሲሞላው ነው። ነገር ግን ሙቀቱን ከተራራው መራቆት ጋር ብቻ ማያያዝ አይቻልም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ ያንን የሚወስደው ከእርስዎ ማሳ፣ ከቅጠሉና ከኩሬው ነው። ስለዚህ ዝናቡ ባይቀንስም ድርቅ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ድርቅ ማለት ዝናብ ማጣት ብቻ ይመስለዋል። አየሩ የተሸከመው እንፋሎት ደግሞ ሲለቀቅ ባንዴ ይለቀቃል፤ የዝናቡ ቀን ሲያንስ የሚጥልበት ቀን ጉልበቱ የበረታው ከዚህም የተነሳ ነው።

አጎት፦ ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ መዝገብ ስታገላብጪ የምትኖሪው ለዚህ አይደል?

የእህት ልጅ፦ ለዚህ ነው። መልሱ ግን እንደሚመኙት ቀጥ ያለ አይደለም። የዓለምን አየር በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች አብዛኞቹ ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት የበለጠ ዝናብ እንደምታገኝ ያሳያሉ። መለኪያዎቻችን ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ሲቀንስ ነው ያሳዩን። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ይሉታል። ምናልባት ሞዴሎቹ የሕንድና የፓስፊክ ባሕርን በትክክል አልያዙት ይሆናል፤ ምናልባትም ያየነው መቀነስ ጊዜያዊ ይሆናል።

አጎት፦ ዝናብ ይበዛል ካሉ ታዲያ ምን ያስፈራናል?

የእህት ልጅ፦ ዝናቡ ቢበዛም ሙቀቱ አይቀርም፤ ሞዴሎቹ በዚህ አይለያዩም። በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ወደ ድርቀት በሚያደሉ አካባቢዎች ዱሮ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ የነበረው የእርሻ ድርቅ ዓለም በ1 ዲግሪ ስትሞቅ 1.7 እጥፍ፣ በ2 ዲግሪ ደግሞ 2.4 እጥፍ እንደሚደጋገም ገምቷል። የእኛም አገር እንደነዚያ አካባቢዎች ከሆነች፣ አባትዎ በየአሥር ዓመቱ ያሉት ድርቅ በዚህ ስሌት አሁን በየስድስት ዓመቱ ይመጣል ማለት ነው፤ ዓለም በዚሁ ከቀጠለች ደግሞ በየአራት ዓመቱ።

አጎት፦ ያ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው።

የእህት ልጅ፦ ቦረና ላይ የሆነውን ይዩ። በ2012 መጀመሪያ ላይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከመጠን በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ በረሃው ለመለመ፣ የበረሃ አንበጣ ተራባበት። ያ ሳይሽር ከ2013 መጀመሪያ እስከ 2015 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ። እንዲህ ያለ ነገር ቢያንስ በአርባ ዓመት መዝገብ አልታየም። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ከ13 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳ አለቀ። የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻውን የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቁት፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ያን የእርሻ ድርቅ ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጥ ሊከሰት የሚችል አድርጎታል። ከዚያ በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጎርፍ ሆነ። ከተረፈው ከብትም ውሃ ወሰደ። የቦረና ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በገዳው ነው፤ በየስምንት ዓመቱ በሚፈራረቁ አባ ገዳዎች ስም ድርቁንም ጥጋቡንም ያስታውሳል። አሁን በአንድ አባ ገዳ ዘመን ስንት ድርቅና ስንት ጎርፍ ገባ!

አጎት፦ እኔ ቦረናን አላውቀውም፤ ከብት ግን አውቃለሁ። በሬሽን ሸጠሽ ድርቅ ካሳለፍሽ በኋላ ባዶ እጅሽን ነው የምትቀሪው። አንድ ጥጃ በርቢ ታገኛለሽ እንበል። ጥጃው ለቀንበር እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ጥማድ እስኪሞላልሽ በመቀናጆ ታርሻለሽ፣ የራስሽ ማሳ ተራ እስኪደርሰው ዝናቡ ያልፍሻል። ዘሩን ተበድረሻል፣ ከአዝመራው ላይ ትከፍያለሽ። እኛ ከ1977 በኋላ እንደ ሰው ቤት ለመቆም ስንት ዓመት እንደፈጀብን እናትሽን ጠይቂያት። በመካከሉ ሌላ ድርቅ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበርንም። በየአራት ዓመቱ ይመጣል ካልሽኝ በሬው ቀንበር ሲለምድ ተመልሶ ይሸጣል ማለት ነው።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ በቁጥር ልነግርዎ የምታገለውን እርስዎ በበሬ ነገሩኝ። ድርቁ ምን ያህል ከባድ ነው የሚለውን ሁላችንም እንለካለን፤ በድርቅና በድርቅ መካከል ያለውን ጊዜ ግን እምብዛም አንለካውም። ከበሽታው ሳያገግም እንዳገረሸበት ሰው፣ ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው ቢቀልም የሚጥለው እሱ ነው። መንግሥትም፣ እርዳታ ሰጪውም፣ እኛ ባለሙያዎቹም ዛሬም የምንጠብቀው 1977ን ነው። ሬሳ ካልታየ ድርቅ አልመጣም እንላለን። የሚመጣው ግን መካከለኛ የሆነ፣ ሬሳ የማያሳይ፣ በሬውን አሽጦ የሚሄድ ድርቅ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

አጎት፦ ታዲያ ምን ትላላችሁ? ሬዲዮ ላይ የምሰማው «ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ» የሚል ነው። ይህን ይዤ ዘር ልጣል ወይስ ልተው?

የእህት ልጅ፦ ትንበያው ለሰፊ አካባቢ የሚሰጥ ስለሆነ የእርስዎን ቀበሌ አይነግርዎትም። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን ብዙዎቹ ያሉት በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነው። የሚጎድለውን በሳተላይት እንሞላዋለን፤ ሳተላይቱ ግን ደመናውን ያያል እንጂ ማሳው ላይ የወረደውን ውሃ አያይም። ትንበያውም ቢሆን የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ዝናቡ መቼ ይጀምራል፣ ከዘራሁ በኋላ ስንት ቀን ይጠፋል፣ መቼ ይቆርጣል የሚለውን ነው።

አጎት፦ እሱን ነው። ድምሩን ለደማሪው ስጡት።

የእህት ልጅ፦ አንድ ሌላ ነገርም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሀ በምትባል ቀበሌ ለገበሬዎች የዝናብ መድን ተጀመረ። ሰብሉ ወድሟል ወይ ብሎ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው የለም፤ ዝናቡ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ክፍያው ይመጣል። አረቦን መክፈል የማይችለው ድሃ ገበሬ በእርከንና በችግኝ ሥራ ጉልበቱን እየሰጠ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ቦረና ላይ ለከብት ተጀመረ፤ እዚያ የሚለካው በሳተላይት የሚታየው የሣሩ ልምላሜ ነው።

አጎት፦ ዝናቡ መለኪያው ካለበት ጥሎ እኔ ጋ ባይጥልስ? ከአንድ ሸንተረር እስከ ሌላው ሸንተረር እንኳ ዝናብ እንደሚለያይ እያወቅሽ።

የእህት ልጅ፦ ያኔ የከፈሉበትን አያገኙም፤ የመድኑ ትልቁ ችግር ይህ ነው። መፍትሔው መለኪያውን ማብዛት ነው። የዝናብ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። በየቀበሌው ትምህርት ቤት ግቢ ቢተከል፣ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በየጠዋቱ እያነበበ ቢጽፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ዛሬ የሌለን መዝገብ ይኖረናል። ይህን ለማድረግ የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም።

አጎት፦ መልካም ነው፣ ይተከል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ከጻፍሽው ጻፊው። የበልጉ መቅረት ሚያዝያ ላይ ይታወቃል። ሚያዝያ ላይ ማሳውን ያየ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አጣሪ ኮሚቴ የሚመጣው መቼ ነው? ሰኔ ላይ። ስንዴው መቼ ይደርሳል? ቢቀናን ነሐሴ ላይ። በሬው የሚሸጠው ደግሞ ግንቦት ላይ ነው። ስንዴው ሲደርስ ሰዉ ይተርፋል፤ ቤቱ ግን ፈርሷል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በየዓመቱ እርዳታ ጠባቂ ነው፤ ሰነፍ ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ።

የእህት ልጅ፦ ሴፍቲኔት የተባለው የእርዳታ መርሐ ግብር በ1997 ሲጀመር አንዱ ዓላማው ይህንኑ መከላከል ነበር፤ ገበሬው ጥሪቱን ሳይሸጥ እጁ ላይ የሚገባ ነገር እንዲያገኝ። በጊዜው በደረሰበት ቦታ ሠርቷል። በዘገየበት ቦታ ግን እርስዎ እንዳሉት ሆነ።

አጎት፦ እንግዲያስ ለሚሰማ ተናገሪ። የበልግ አገር ድርቅ በክረምት አይገምገም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ከጠፋ፣ አጣሪ ሳይጠበቅ፣ ገንዘቡ ወይም እህሉ ግንቦት ሳይገባ ቤታችን ይድረስ፣ መኖም አብሮ ይምጣ። በሬያችን ከእጃችን ካልወጣ የቀረውን እኛ እንወጣዋለን።